ካሜራው ለምን ይሸጣል?

ቀጮ ካሜራውን ዓይኗ ላይ ስታስጠጋው ዓለም ደበዘዘባት። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ማዶ ያለው የጫማ መደብር፣ በሩ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ፣ የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር ሁሉም ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ነገር ተዋዋጠ። ካሜራውን አውርዳ በባዶ ዓይኗ አየች። ጥበቃው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መልሳ አስጠጋችው፤ እንደገና ጭጋግ።

«ምነው?» አለ ሻጩ።

«ይደበዝዛል።»

«ፎከስ አላደረግሽውማ። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ጫን አድርጊና ያዢው።»

ጫን አድርጋ ያዘችው። ሌንሱ እንደ ንብ ዝዝ ብሎ ዞረና ቆመ። ዓይን በሚጠጋባት ትንሽ ማያ መስኮት ውስጥ ግን ጥበቃው አሁንም ጭጋግ ነው። እንደዚያው አነሳችው። ከጀርባ ባለው ስክሪን ላይ የወጣውን ፎቶ ስታይ ግን የሰውየው የሸሚዝ ቁልፎች ጥርት ብለው ይቆጠራሉ።

ነገሩ አልጣማትም። ፎቶው ከጠራ መስኮቷ ለምን ትደበዝዛለች? ያገለገለ ካሜራ ስለመግዛት በእናቷ ስልክ ያላየችው ቪዲዮ የለም። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሻጋታ መፈለግ፣ ነጭ ግድግዳ አንስቶ ጥቁር ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ የባትሪውን ቤት ከፍቶ ዝገት መፈተሽ፤ ሁሉንም እንደ ፈተና በቃሏ አጥንታዋለች። አሁንም ሁሉንም አደረገችው። ሻጋታ የለም፤ ነጠብጣብ የለም፤ ዝገትም የለም። እጀታው አካባቢ ጎማው ትንሽ ከመፋቁ በቀር እንከን አጣችለት። ዋጋው ደግሞ ገበያ ላይ ከሚጠራው በጣም ያነሰ ነው። እንከን የሌለው ነገር በዚህ ዋጋ መሸጡ ራሱ እንከን ሆኖ ታያት።

«ቀጮ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?» አለ አጠገቧ የቆመው ጋዜጣ።

ቀጮ ስሟ አይደለም። ክፍል ውስጥ በቅጥነቷ «ቀጮ» ብሎ የሰየማት ይኸው ልጅ ነው። እሱን ደግሞ ወሬ ሳይውል ሳያድር ስለሚያዳርስ «ጋዜጣ» ያለችው እሷ ናት። ስለዚህ ተቻችለው ይኖራሉ። ሻጩን ያገኘላትም ጋዜጣ ነው፤ «የማውቀው ልጅ ነው፣ አሪፍ ካሜራ አለው» ብሎ። ሻጩ ጫማው ከቀበቶው፣ ቀበቶው ከስልኩ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ወጣት ነው። ቀጮ ገና ስታየው በሆዷ «ቄንጠኛው» ብላዋለች።

ጣቷ ከመስኮቷ ጎን ያለችውን ጥርሳም ትንሽ ተሽከርካሪ ነካ። ይቺን በቪዲዮዎቹ ላይ አይታታለች። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽሩን አውልቆ እንዲያይ መስኮቷን በዓይኑ ልክ የሚያስተካክልባት ናት። እስከ ጥጓ ድረስ ተጠምዝዛለች። ቀስ አድርጋ ወደ መሃል መለሰቻት። ጥበቃው፣ ወንበሩ፣ የመደብሩ መስታወት ታጥበው የተሰጡ ይመስል ጠሩ።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም።

«አንተ መነጽር ታደርጋለህ?» አለችው።

«እኔ?» ቄንጠኛው ሳቀ። «የዚያን ሰውዬ የጫማ ክር እዚህ ሆኜ ልቁጠርልሽ?»

«ራስህ ነህ ስትሠራበት የነበርከው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ለምንድን ነው የምትሸጠው?»

«አዲስ ገዛሁ። ሁለት ካሜራ ምን ያደርግልኛል?»

ቀጮ ወደ ጋዜጣ ዞረች። ጋዜጣ የነገራት ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ እንደሚሸጠው ነበር። ጋዜጣ ግን በድንገት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላሚኔሽን ማስታወቂያ ማንበብ አምሮታል።

«ቻርጀሩስ?» አለች።

«ቤት ነው። ነገ በሱ እልክልሻለሁ። አሁን ውሰጂው፤ ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያየው ይመጣል።»

«ከነቻርጀሩ ካልሆነ አልወስድም።»

ቄንጠኛው ካሜራውን ከእጇ ተቀበላት። ማንጠልጠያውን አንገቱ ላይ ሊያደርገው ሞከረ፤ አጥሮ ጆሮው ላይ ቀረበት። ተናዶ በእጁ ጠቀለለው። ቀጮ ይህንንም አየች። ማንጠልጠያውን በራሱ ልክ ያላስተካከለ፣ መስኮቷን በራሱ ዓይን ያላስተካከለ ባለካሜራ።

&nbsp;

«ውጭ ሊሄድ ነው አላልከኝም?» አለችው ጋዜጣን፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ራቅ እንዳሉ።

«ብያለሁ።»

«እሱ አዲስ ገዛሁ አለ።»

«አዲስ ገዝቶ ውጭ ይሄዳል። ክልክል ነው?»

«ጋዜጣ፣ እየኝ። የተሰረቀ ነው?»

«አይደለም። እናቴ ትሙት።»

ጋዜጣ በእናቱ በዋዛ አይምልም። ቢሆንም አላመነችውም። ይሄ ልጅ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ የሦስት ሰው ምስጢር ደርቦ የሚመልስ ነው፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለሱ ነው። ዛሬ ግን ቃሉን እንደ ወርቅ እየመዘነ ነው የሚያወጣው። ለፍላፊ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል።

ካሜራውን ትታ እንዳትሄድ የሚያደርጋት ደግሞ ብዙ ነገር ነበር። በትምህርት ቤታቸው የፎቶ ክበብ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ እሱም ከትልልቆቹ ልጆች አንገት አይወርድም። የቀጮ ድርሻ የካሜራውን ማቆሚያ፣ ትሪፖዱን፣ መሸከም ነው። የክበቡ አስተማሪ በቅርቡ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር «የራሱ ካሜራ ያለው ሜዳ ይገባል፣ የሌለው ከተመልካች ጋር ይቀመጣል» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ቀጮ ለዚህ ብላ ዕረፍቷን ሁሉ በእናቷ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክልና ጠርዝ ስታጥፍ ነው ያሳለፈችው። ጣቶቿ ላይ መርፌ ያልወጋው ቦታ የለም። አሁን ካሜራ የምትገዛበት አላት፤ የሚበቃው ግን ለእንዲህ ያለ ርካሽ ካሜራ ነው።

ማታ እናቷ የዩኒፎርም ክምር መሃል ተቀምጣ፣ ከንፈሯ ላይ ስፒል ደርድራ ትሠራ ነበር። ቀጮ አጠገቧ ቁልፍ እየተከለች «እማዬ» አለች፣ «አንድ ዕቃ ለሁለት ምክንያት ይሸጣል?»

እናቷ ስፒሎቹን ከከንፈሯ ለቀመች። «ሁለት ምክንያት ከነገሩሽ እውነተኛው ሦስተኛው ነው።»

ቀጮ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቻርጀሩ፣ ስለ መነጽሩ።

«ሌላ ገዢ አለ አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው የለውም።» እናቷ የስፌት መኪናዋን መታ መታ አደረገች። «ይቺን ስገዛ ሴትየዋን ቤትሽን አሳዪኝ አልኳት። ገብቼ የሰፋችውን መጋረጃ አየሁ፤ እግሯ የረገጠበት ሲሚንቶ እንኳ ተበልቷል። ያኔ ነው ያመንኳት። ያገለገለ ዕቃ የወጣበትን ቤት ሳታዪ አትግዢ። ሌባ ቤቱን አያሳይም።»

«አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«ይሄን ሁሉ ማን ይሰፋልኛል? ከጋዜጣ ጋር ሂጂ። ግን ቤት ውስጥ እናት ካለች ብቻ ነው የምትገቢው። ከሌለች ከበር ትመለሻለሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።»

&nbsp;

ጋዜጣ ቤቱን አሳየኝ ስትለው ፊቱ ጠቆረ።

«ካሜራ ነው የምትገዢው ወይስ ቤት?»

«ቤቱን ካላየሁ አልገዛም። እናቱ ባሉበት።»

ሲያቅማማ ቆየና «ቅዳሜ ጠዋት» አለ። «ከቀትር በፊት ግን። ከቀትር በኋላ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«እናቲቱ አይመቻቸውም። አቦ፣ አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ እኮ።»

«ከሻጩ ድለላ ትበላለህ እንዴ?»

ጋዜጣ ቆም ብሎ አያት። የሚመልስላት ቀልድ ጠበቀች። በዚያን ቀን ከክፍል ወጥተው እስኪለያዩ ድረስ አላናገራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ይዟት ሲሄድ መንገዱ የምታውቀው ሆነባት። በጋዜጣ ቤት በኩል የሚያስሄደው መንገድ ነው። የእነ ጋዜጣን በር አለፉና ጥቂት እንደሄዱ አረንጓዴ የብረት በር ፊት ቆመ።

«ጎረቤትህ ነው?»

«ምን ችግር አለው?»

«የማውቀው ልጅ ነው እንጂ ጎረቤቴ ነው አላልከኝም።»

«ጎረቤቴን አላውቀውም እንዴ?» ብሎ በሩን አንኳኳ።

የከፈቱላቸው ሴትዮ ቄንጠኛውን በመልክ ይመስሉታል፤ ዓይናቸው ግን የደከመ ነው። ከሥራ ልብሳቸው ገና አልወጡም፤ የአዳር ፈረቃ ሠርተው እንደመጡ ያስታውቃል። «ግቡ ልጆቼ» ብለው ሳሎን አስገቧቸው፤ ውሃ ቀዱላቸው። ቄንጠኛው ከጓዳ ወጥቶ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ዛሬ ቻርጀሩም አብሮት አለ፤ ጥቁር ቦርሳም አለው።

እናት አለች፤ ቤቱ ጽዱ ነው። ቀጮ እፎይ ልትል ስትል ግድግዳውን አየች።

ፎቶዎች ናቸው። ፍሬም የላቸውም፤ በማጣበቂያ ተለጥፈዋል። ውሃ የሞላ ባልዲ፣ ውስጡ ሰማይ ያለበት። በር ላይ የወለቀ ጫማ፣ አንዱ በጀርባው የተኛ። የሴትየዋ እጅ፣ ቁልፍ ሲያዞር። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ሲያዛጋ፤ ከማዛጋቱ ብዛት ባርኔጣው ወደ ኋላ የወደቀበት። ቀጮ ተነስታ ተጠጋች። ፎቶ ክበብ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚያነሱት እንዲህ አይደለም። እነሱ አበባና ጀንበር ነው የሚያነሱት። ይህን ያነሳ ሰው ሌላው ሰው ዘሎት የሚያልፈውን ነገር ቆሞ የሚያይ ነው። ቅናት ይሁን ደስታ ያልለየላት ነገር ደረቷን ሞላው።

«አንተ ነህ ያነሳኸው?» አለች።

«አዎ» አለ ቄንጠኛው። «ሁሉንም።»

«ይሄን ባልዲ እንዴት አድርገህ አነሳኸው?»

«እንደ ማንኛውም። ጫን፣ ቀጭ።»

ወደ ሚቀጥለው አለፈች። ከሶፋው በላይ፣ ጥግ ላይ የተለጠፈ ነው። ቄንጠኛው ራሱ እዚሁ ሶፋ ላይ ተዘርሮ ተኝቷል። አፉ ተከፍቷል፤ አንድ እጁ መሬት ይነካል፤ ምራቁ ትራሱን አርጥቦታል።

«ይሄንንስ?» አለች ቀጮ ሳትዞር። «ይሄንንም አንተ ነህ ያነሳኸው?»

ጋዜጣ ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው። ቄንጠኛው ፎቶውን አዲስ እንዳየ ሰው ትኩር ብሎ አየው፤ ከዚያ እናቱን አየ።

«በቃ፣ ተወው» አሉት እናቱ። ከዚያ ለቀጮ «ነይ ቁጭ በይ» አሏት። «ካሜራው የታናሽ እህቱ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁላት፤ እኔው ነኝ የምሸጠው። የሌባ ቤት የገባሽ መስሎሽ ከሆነ አይዞሽ።»

«አይደለም እትዬ፣ እኔ...»

«ነው እንጂ። ዓይንሽ ከገባሽ ጀምሮ ሲዞር አይቼዋለሁ። ደግ አደረግሽ፤ ሴት ልጅ ትጠርጥር።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። «ዘንድሮ ትልቁ ፈተና አለባት፤ ቅዳሜን እንኳ እስከ ቀትር ትምህርት ቤት ማጠናከሪያ ላይ ናት። አምና ከክፍሏ ፊት ከሚቀመጡት ነበረች። ዘንድሮ አስተማሪዋ ጠርተው ያሳዩኝን ውጤት ባልነግርሽ ይሻላል። ደብተሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ዞር ብዬ ስመለስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መስኮት ላይ ናት። ብርሃኑ መጣ፣ ብርሃኑ ሄደ። ብርሃን እኮ ነገም አለ፣ ልጄ። ፈተና ግን አንዴ ነው።»

«መሸጡን ታውቃለች?» አለች ቀጮ።

የመለሰው ቄንጠኛው ነው። «ተበላሽቷል ብለናታል። ጥገና ቤት ነው ብለን።»

«ጥገና ቤት የወሰደው ማን ነው ተባለች?»

የእናትና የልጅ ዓይን ለአፍታ ጋዜጣ ላይ አረፈ። ጋዜጣ የውሃ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን ያያል።

ጥርጣሬዋ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነቀለ። ካሜራው አልተሰረቀም። አልተበላሸም። ባለቤት አለው፤ የመሸጥ መብት ያላት እናት ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። እናቷ ያዘዘቻት ሁሉ ተሟልቷል። ቀጮ እፎይታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ተማሪ ነሽና እሱ ከነገረሽ ዋጋም ዝቅ አደርግልሻለሁ» አሉ ሴትየዋ። «ብቻ ዛሬ ይዘሽው ሂጂ።»

ካሜራውን አነሳችው። ክብደቱ እጇ ውስጥ ልክክ አለ። የውድድሩ ሜዳ ታያት፤ መስመሩ ጋ ተንበርክካ፣ ሯጮቹ ወደ እሷ ሲመጡ። አሁን የሚቀራት «እሺ» ማለት ብቻ ነው።

«ከትምህርት ቤት ስትመጣ ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀች።

ሴትየዋ የቻርጀሩን ገመድ አንስተው መጠቅለል ጀመሩ። ጠቅልለው ጨርሰው ፈቱት። «ካሜራዬ ተሠራ ወይ ትላለች።»

ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር። አይደሉም። የራሷ እናትም ውጤቷ ቢወድቅ ይህንኑ ከማድረግ እንደማትመለስ ቀጮ ታውቃለች፤ ስፒል ከከንፈሯ ሳታወጣ ነው የምታደርገው።

«እትዬ» አለች፣ ድምጿ ከራሷም ይበልጥ ቀጥኖ፣ «እሷ ባለችበት ልግዛው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እያወቀች። ከቀትር በኋላ ልመለስና እሷም ባለችበት።»

«ጉድ ነው» አለ ቄንጠኛው።

የሴትየዋ ፊት እንደ በር ተዘጋ። «ልጄን እንዴት እንደማሳድግ ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም እትዬ። እኔ የምለው... ይሄን ይዤ ስዞር አንድ ቀን መንገድ ላይ ታየዋለች። ደብቄው ነው የምይዘው። ካሜራ ደግሞ ተደብቆ አይያዝም።»

«እንግዲያው ሌላ ገዢ አለ።»

የዚህኛውን ገዢ መኖር ቀጮ አመነች። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ሌንሱ እንዳይጫር በጥንቃቄ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ሴትየዋ ቀና ሳይሉ «በሰላም ሂጂ» አሏት።

&nbsp;

«ጀዝባ ነሽ» አለ ጋዜጣ ደጅ እንደወጡ። «በዚህ ዋጋ እንኳን ካሜራ ማንጠልጠያው አይገኝም።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ብነግርሽ አትገዢውም ነበር።»

«አልገዛውም ነበር። ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

ጋዜጣ የአጥሩን ግንብ በጫማው ጫፍ ይቆረቁራል። «ትሪፖድ ስትሸከሚላቸው ማየት ሰልችቶኝ ነው። እነዚያ ልጆች እኮ ስምሽን እንኳ አያውቁትም።»

«ስንት ሰጡህ?»

«ምንም አልሰጡኝም።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሳምንት ሙሉ ሲዋሽ ያየችውን ፊት አሁን እውነት ሲናገር እንዴት እንደምትለየው አላወቀችም፤ ከካሜራውም በላይ ይሄ ነው ያሳዘናት።

አውቶቡስ ፌርማታው በቅርብ ርቀት ይታያል። ወደዚያው መራመድ እንደጀመሩ ከፊታቸው አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ መጣች። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጋዜጣን ስታይ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ዛሬ አስተማሪው ቀርቶ ነው ቶሎ የወጣነው» አለች እየተነፈሰች። «ያ ሰውዬ ምን አለህ? ዕቃው መጣለት?»

«ገና ነው» አለ ጋዜጣ። «ጠይቄው ነበር። መለዋወጫው ታዟል፤ ሲመጣ እደውላለሁ ብሎኛል።»

ሳይንተባተብ፣ ዓይኑን ሳይሰብር ነው ያለው። ቀጮ ሰማችው። ይህን ውሸት ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ያለው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ጥግ ጥጉ አልቆ ለስልሷል።

«እኔ ራሴ ሄጄ ላናግረው። ቤቱን አሳየኝ እያልኩህ እኮ ነው።»

«ሩቅ ነው አልኩሽ አይደል?»

ልጅቷ ተነፈሰች። ከዚያ ቀጮን አየች፤ እኩያዋ መሆኗን አይታ ፈገግ አለች። «አንቺ ካሜራ አስጠግነሽ ታውቂያለሽ? ይሄን ያህል ይቆያል?»

አውቶቡሱ ጥግ ላይ ብቅ አለ። ቀጮ «አላውቅም» ማለት ትችላለች። ውሸትም አይሆንባት፤ ካሜራ አስጠግና አታውቅም። ጋዜጣ ከልጅቷ ጀርባ ሆኖ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አይሆንም፣ ተዪው። ቤት ውስጥ ያሉት ሴትዮ ትዝ አሏት፤ የአዳር ሥራ ያደከመው ዓይናቸው፣ ገመዱን ሲጠቀልሉና ሲፈቱ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ተሳፈረ። ሄደ።

«ጥገና ቤት አልሄደም» አለች ቀጮ። «ቤታችሁ ነው ያለው። አሁን ሳሎን ውስጥ አይቼው ነው የወጣሁት።»

የልጅቷ ፈገግታ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። ጋዜጣን አየችው። ጋዜጣ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ቀጮ ተመልሶ ከእግር እስከ ራሷ መረመራት፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዕቃ እንደሚመረመር።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ልገዛው የመጣሁ ነኝ።»

ልጅቷ ደብተሮቿን ጠበቅ አድርጋ አቅፋ ወደ አረንጓዴው በር ሄደች። ቁልፉ ቀዳዳውን እየሳተ አስቸገራት፤ በመጨረሻ ገባላት።

ቀጮ ያለችበት ቆማለች። የምትለውን ብላለች፤ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ያለው የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው። ግን ደግሞ ውሃ ቀድተው የሰጧትን ሴት ነገር ደጃፍ ላይ አውጥታ፣ እሳቱን ለሌላ ትታ መሄድ ደስ አላላትም። ይቆጧት ይሆናል። ከቤት ያስወጧት ይሆናል። የሚሉትን ፊታቸው ቆማ መስማት አለባት።

«ልግባ?» አለች ወደ በሩ ተጠግታ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ። እኔው ልንገራቸው።»

ልጅቷ እሺም እምቢም አላለችም። በሩን ግን ሳትዘጋው ገባች።

ቀጮ ተከትላት ገባች። ጋዜጣ ይምጣ ይቅር ዞራ አላየችም።